ከውሻ ጋር በአርቪ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ፣ ያልጠየቅኩትንም ንገሩኝ

ቻለውና እኔ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ውልቅ የምል ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የጻፍኩት። እኔና ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር አርቪ (እንደ ቤት የተሠራ ትልቅ መኪና) ተከራይተን ለ10 ቀን ልንወጣ ነው። ሐይቅ ዳር ያሉ 5 ፓርኮች መርጠናል፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሌሊት እናድራለን። መኪናው 7 ሜትር ገደማ ነው። አልጋ፣ ማድቤት፣ ሽንት ቤት፣ ኤሲ፣ ሁሉም አለው። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ነድተን አናውቅም፤ ያስጨነቀኝ ግን እሱ አይደለም። ያስጨነቀኝ ቻለው ነው።

ቻለው ውሻችን ነው። 6 ዓመቱ፣ 30 ኪሎ፣ ዘሩ ድብልቅልቅ ያለ። ውሃ ሲያይ ያብዳል። ኩሬ ይሁን፣ ጎርፍ ይሁን፣ የተደፋ ባልዲ ይሁን፣ ገብቶ ካልተንቦራጨቀ አይሆንለትም። እንዲህ ደፋር ይመስልና ደግሞ ፈሪ ነው። ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋ ሥር ነው የምናገኘው፣ ብቻውን ሲቀር ያላዝናል፣ የማያውቀው ደረጃ ካየ እግሩን አያነሳም።

አሁን ጥያቄዬ። አንዱ ፓርክ ላይ የ3 ሰዓት የጀልባ ጉብኝት አለ፣ ውሻ አይፈቀድም። ኤሲውን ከፍተን መኪናው ውስጥ ብንተወው ምን ይሆናል? ባለቤቴ «ቤት እኮ ነው፣ ቤት ትተነው እንወጣ የለ?» ይላል። እኔ ሆዴ እሺ አላለኝም። ሌላው የሐይቁ ውሃ ነው። ቢጠጣውስ? ቀኑን ሙሉ ቢዋኝስ? ደግሞ መንገድ ላይ የት ነው የሚቀመጠው? አልጋው ላይ ተኝቶ ቢሄድ ምቾት ይሰጠዋል ብዬ ነበር። ያልጠየቅኩት ግን ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለም ንገሩኝ። አትሳቁብኝ ብቻ።


አምስተኛው ጎማ፦

እህቴ፣ ሆድሽን ስሚው። ባልሽም አልተሳሳተም፣ ቤት ነው። ግን ግድግዳው ስስ የሆነ፣ ከፊቱ ትልቅ መስታወት ያለው፣ መብራቱ በአንድ ገመድ የተንጠለጠለ ቤት ነው።

ጣሪያ ላይ ያለው ኤሲ የሚሠራው ከካምፑ ሶኬት ወይም ከጄኔሬተር በሚመጣ መብራት ነው። የኪራይ መኪኖች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ለአምፖልና ለውሃ ፓምፕ እንጂ ለኤሲ አይበቃም። ስለዚህ ያ ገመድ ከተቋረጠ ኤሲው ቆመ ማለት ነው። የሚቋረጥበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው። 30 አምፔር በ120 ቮልት የሚሰጥ ቦታ ላይ ካቆምሽ በጠቅላላው 3600 ዋት ነው ያለሽ። ኤሲው 1500 አካባቢ ይበላል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ ሌላ 1400 ጨምሪ። ከዚያ ባልሽ ሻይ አምሮት ማንቆርቆሪያውን ሲሰካ፣ ጧ! ብሬከሩ ይወርዳል። 230 ቮልት ባለበት አገር ደግሞ 6 አምፔር ብቻ የሚሰጡ ካምፖች አሉ፣ እሱ 1400 ዋት እንኳ አይሞላም። እና ይሄ ሁሉ የራስሽ መኪና ጣጣ ነው። ሙቀት በበዛበት ቀን ካምፑ ሁሉ ኤሲውን ሲከፍት የሚሆነውን አስቢው።

የኔን ልንገርሽ። ከሁለት ዓመት በፊት ነብሮን (የኔ ውሻ ነው፣ ነፍሱን ይማር) ኤሲውን 22 ላይ አድርጌለት ገላዬን ልታጠብ ሄድኩ። የካምፑ መታጠቢያ ሰልፍ ነበረበት፣ 40 ደቂቃ ቢሆነኝ ነው። ስመለስ ገና ከሩቅ የሆነ ነገር ቀረብኝ። ምን እንደቀረብኝ ቶሎ አልገባኝም፣ ለካ ድምፁ ነው። ያ የጣሪያው ጉርምርምታ የለም። የካምፑ መብራት በሙሉ ጠፍቷል። በሩን ስከፍት ነብሮ በበሩ ሥር ባለችው ቀጭን ክፍተት አፍንጫውን ሰክቶ ተኝቷል፣ ምላሱ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ ምላሱ ያረፈበት ምንጣፍ ረጥቧል። ተርፏል። ግን ያን ቀን 40 ደቂቃው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ውጭ 24 ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት 43 ሊደርስ ይችላል። መስኮት ትንሽ መክፈት ብዙም አይረዳም። ይሄ የተለካው በተራ መኪና ነው፣ አርቪ ሰፋ ስለሚል ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ መሞቁ ግን አይቀርም። ሲም ካርድ የሚወስዱ የሙቀት መቆጣጠሪያዎች አሉ፣ ውስጡ ሲሞቅ ወይም መብራት ሲጠፋ ስልክሽ ላይ መልእክት ይልካሉ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ገዝቻለሁ። ግን አንደኛ፣ ሐይቅ ዳር ኔትወርክ የሚባለው ነገር አንዳንዴ የለም። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ቢደርስሽስ ምን ታደርጊያለሽ? ጀልባ ላይ ነሽ እኮ። ዋኝተሽ ልትመጪ ነው?

ለ20 ደቂቃ፣ እዚያው ካምፑ ውስጥ ሆኜ፣ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ከሆነ እተወዋለሁ። ለ3 ሰዓት ጀልባ ግን በፍጹም። አንዳንድ ፓርኮች እንደውም ውሻን ብቻውን መኪና ውስጥ መተው በደንባቸው ይከለክላሉ፣ ስትመዘግቢ ጠይቂ።


መርፌ አይወድም፦

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ስለ ውሃው እኔ ልመልስ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ሐይቅ ዳር ከምፈራቸው ነገሮች አንደኛው አረንጓዴው ነገር ነው። ሰው አልጌ ይለዋል፣ ትክክለኛ ስሙ ሳይኖባክቴሪያ ነው። ውሃው ሲሞቅ፣ ነፋስ ሳይኖር ሲቀር፣ ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ ሲገባበት ይራባል። ሲበዛ ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ ይመስላል፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ወይም ቡናማ ይሆናል። ሁሉም ዓይነት መርዝ አያመነጭም። የትኛው እንደሚያመነጭ ግን በዓይን አይታወቅም። ከመርዞቹ አንዱ ጉበት ያጠቃል፣ ሌላው ነርቭ ያጠቃል፣ የነርቩ ውሻን በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ማፍላትም አያጠፋውም፣ ስለዚህ «አፍልቼ እሰጠዋለሁ» አይሠራም።

ሰው የማያውቀው ነገር፣ ውሻው ባይጠጣም ይመረዛል። ዋኝቶ ሲወጣ ፀጉሩ ላይ የተጣበቀውን ይልሳል። ሌላም አለ። ነፋስ ሽፋኑን እየገፋ ወደ ዳር ያከማቸዋል፣ ስለዚህ ጠዋት የጠራ የነበረው ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ሊገባ ባለ ቁጥር እዪ። እኔ እንጨት እነክርበታለሁ። እንጨቱ እንደ ፀጉር የተንጠለጠለ ክር ይዞ ከወጣ ተራ አልጌ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀለም እንደተቀባ ሆኖ ከወጣ ግን ውሻውን ይዤ ዞር እላለሁ። ላቦራቶሪ አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል። የፓርኩ ማስጠንቀቂያ ካለ ደግሞ እንጨትም አያስፈልግም፣ አትግቡ ነው። ሳታዪው ከገባ ወዲያው በንጹሕ ውሃ እጠቢው፣ ጓንት አድርገሽ፣ እንዲልስ አትፍቀጂለት። ምራቅ ማንጠባጠብ፣ ማስመለስ፣ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ ካየሽ ጠብቄ ልየው አይባልም፣ ወደ ሐኪም ሩጪ።

ውሃው የጠራ ከሆነስ? የጠራ ውሃም ጃርዲያ ሊኖረው ይችላል፣ ትርፉ ተቅማጥ ነው። 7 ሜትር መኪና ውስጥ ተቅማጥ የያዘው 30 ኪሎ ውሻ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ ልተወው። የራሱን ውሃ ያዢለት። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ብለሽ አስቢ፣ ለቻለው አንድ ተኩል ሊትር ከፍ ይላል፣ ሲሮጥና ሲሞቅ ደግሞ ይጨምራል። ከመግባቱ በፊት ካጠጣሽው የሐይቁን የመጠጣት ፍላጎቱ ይቀንሳል።

ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚለውን እርሺው። ኳስ እየወረወርሽለት አፉን ከፍቶ ደጋግሞ ሲያመጣ ሳታውቂው ብዙ ውሃ ይውጣል፣ ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፣ አንጎሉ ያብጣል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እንደ ቻለው ባሉ በቃኝ በማያውቁ ውሾች ላይ ነው። ከኳስ ይልቅ አፉን ብዙ የማያስከፍት ጠፍጣፋ ነገር ወርውሪለት፣ በየ10 ወይም 15 ደቂቃው አውጥተሽ አሳርፊው። ሆዱ ተነፍቶ ከተንገዳገደና ካስመለሰ ድካም ነው ብለሽ አትለፊው። በነገራችን ላይ ከብዙ ዋና በኋላ በማግሥቱ ጭራው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ብታገኚው አትደንግጪ፣ አልተሰበረም። በተለይ ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን የጭራው ጡንቻ ይጎዳል፣ ያመዋል፣ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። አንድ ደንበኛዬ ውሻው ተሰበረ ብሎ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደውሎልኝ ያውቃል።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽው። የሌፕቶስፓይሮሲስ ክትባት አለው? በዱር እንስሳትና በአይጥ ሽንት ውሃና ጭቃ ውስጥ የሚገባ በሽታ ነው፣ ኩላሊትና ጉበት ያጠቃል፣ ሰውንም ይይዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት ያለው ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል። ጉዞሽ በሚቀጥለው ወር ከሆነ ነገ ሳይሆን ዛሬ ነው የምትደውይው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱንም ያዢ፣ የሚጠይቁ ካምፖች አሉ። ማታ ማታ ደግሞ መዥገር ፈልጊ፤ በጣቶቹ መሃል፣ ጆሮው ውስጥ፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ብብቱ ላይ። ካገኘሽ በወረንጦ ቆዳው ጋ ያዢና ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። እሳት፣ ዘይት፣ ቤንዚን የሚሉሽን አትስሚ።


ሐይቅ ዳር ሰፋሪ፦

እኔ ውሻ የለኝም። ድንኳን ነው የምተክለው። ስለዚህ ከአጥር ወዲያ ያለውን ልንገራችሁ።

ብቻውን ሲቀር ያላዝናል ብለሻል። እሱ ሲያላዝን የምሰማው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ የነበሩ ሰዎች ጠዋት ወጥተው ለምሳ ተመለሱ፣ ውሻቸው ያን ያህል ሰዓት መስኮቱን እየቧጠጠ ጮኸ። ሲመለሱ በጣም ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ፈገግ ብለው ሰላም አሉኝ። ምንም አልሰሙም እኮ! ውሻው ዝም የሚለው እነሱ ሲመጡ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ «የኔ ውሻ ሰው አይነካም» እያላችሁ ገመድ አትፍቱ። እኔን ባይነካ ሐይቁ ዳር መሬት ላይ እንቁላል የጣለችውን ወፍ ይነካል። ብዙ ፓርኮች ገመዱ ከ1.8 ሜትር እንዳይበልጥ ይላሉ፣ የመዋኛ ዳርቻውን ደግሞ ለውሻ ዝግ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ያለ ፓርክ ማለት ውሻ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ፓርክ ማለት አይደለም። ስንቱ ሰው ደርሶ ነው የሚያውቀው። አይነ ምድሩንም በፌስታል አንሡ፣ ጫካ ውስጥ ቢሆንም። ፌስታሉን ቋጥራችሁ ዛፍ ላይ የምትሰቅሉ ሰዎች ግን ምን እንደምታስቡ አንድ ቀን ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።


ቻለውና እኔ፦

ውይ፣ እንዲህ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አላሰብኩም። ሁሉንም ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ዋኝተሽ ልትመጪ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ዝም አለ። ክትባቱን ደውዬ ነበር፣ ቻለው የሌፕቶውን ወስዶ አያውቅም። የመጀመሪያው መርፌ ሐሙስ ነው፣ ሁለተኛው ልንወጣ 5 ቀን ሲቀረን።

ሰፋሪ፣ ስለ ዳርቻው ያልከው አስደነገጠኝ። ተነሥቼ የ5ቱንም ፓርኮች ደንብ አየሁ። ሁለቱ ውሻ ጭራሽ ውሃ ውስጥ አያስገቡም! አንዱ ለውሻ የተከለለ ዳርቻ አለው፣ ከካምፑ ግን 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አሁን ምን ላድርግ? ሁለቱን ልተዋቸው?


ዝምተኛው ሹፌር፦

ተያቸው።

10 ቀን፣ 5 ፓርክ ብዙ ነው። ውሻ ባይኖርም ብዙ ነው። አርቪ ነድቶ የማያውቅ ሰው የሚያሰላው የመንገዱን ሰዓት ብቻ ነው። መነሣት ራሱ ሥራ ነው። ገመድ ትነቅያለሽ፣ የውሃ ጎማ ትጠቀልያለሽ፣ ሸራውን ትሰበስቢያለሽ፣ ቁም ሳጥን ሁሉ ትዘጊያለሽ፣ የሽንት ቤቱን ታንከር ሄደሽ ትደፊያለሽ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የማጠቢያውን፣ የማጠቢያው ውሃ ቱቦውን ያጥብልሻል። ያኔ ውሻው መኪናው ውስጥ ይሁን፣ እዚያ አካባቢ የሚሸት ነገር ሁሉ ይማርከዋል። ብዙ ካምፖች ረፋድ 5 ሰዓት ልቀቁ ይላሉ፣ አዲሱ ደግሞ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት በፊት አያስገባም። መሃል ላይ ያለው ጊዜ የናንተና የፓርኪንግ ነው። ደርሰሽ ደግሞ መኪናውን ማስተካከል አለ። ዘንበል ብሎ ከቆመ ትተኚበታለሽ ግን ጭንቅላትሽ ወደ ታች ሆኖ ነው የምታድሪው፣ አንዳንድ በጋዝ የሚሠሩ ፍሪጆችም ዘንበል ሲሉ በደንብ አያቀዘቅዙም።

ውሻ ደግሞ አዲስ ቦታ ላይ የመጀመሪያውን ሌሊት አይተኛም። የኔ አይተኛም። ጆሮው ቆሞ ያድራል፣ ኮቴ በሰማ ቁጥር ያጉረመርማል። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ይተኛል። አንቺ ደግሞ ሦስተኛው ቀን ላይ ታነሺዋለሽ። 3 ፓርክ አድርጊው፣ ሦስት ሦስት ሌሊት። የተረፈውን ቀን ለመንገድ።

አልጋው ላይ ተኝቶ ይሂድ ያልሽው አይሆንም። 30 ኪሎ ውሻ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄዱ ፍሬን ሳይሆን ግጭት ቢመጣ፣ ከ10 ሜትር ከፍታ እንደወደቀ ነው መጥቶ የሚመታችሁ። በደረት ቀበቶ፣ ከመኪናው የደህንነት ቀበቶ ጋር አያይዢው። ከአንገቱ አታስሪው። ወይም በጠንካራ ኬጅ፣ ኬጁም ራሱ ታስሮ። በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ። ከመነሣታችሁ በፊት ባሉት 3 ወይም 4 ሰዓታት አታብዪው። በሩን ከመክፈትሽ በፊት ገመዱን ያዢ። ከከፈትሽ በኋላ አይደለም፣ ከመክፈትሽ በፊት። ማደያ ላይ የጠፋ ውሻ ፈልጌ አውቃለሁ፣ አይመከርም።

ቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ) ካለው የተመዘገበው ስልክ የአሁኑ መሆኑን እዪ።


አምስተኛው ጎማ፦

ሹፌር ይሄን ያህል ሲጽፍ የመጀመሪያ ጊዜው ነው፣ ቀን ጻፉለት።

እኔ ሁለት ነገር ልጨምርና ልውጣ። አርቪ ውስጥ የጋዝ ጠቋሚ አለ፣ ወለል አጠገብ ነው የሚገጠመው፣ ምክንያቱም ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ወለል አጠገብ ደግሞ ማን ነው የሚተኛው? የቻለውን ፍራሽ ፊቱ ላይ እንዳትዘረጊ። ፀጉርም ይሰበስባል፣ አልፎ አልፎ በመጥረጊያ ማሽን ሳቢው። ጠቋሚው ሲጮኽ ደግሞ የውሻው ፀጉር ነው ብለሽ አትዝጊው፣ መጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ፣ ሲሊንደሩን ዝጊ፣ ከዚያ ነው ምርመራው።

ሁለተኛው መንጠቆ ነው። ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ዳር ላይ የተቆረጠ ክርና መንጠቆ ትተው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ ጫፉ ላይ የደረቀ ትል ወይም የዓሣ ቁራጭ አለ። ለውሻ ግብዣ ነው። ነብሮ አንዴ አንዱን አነሣ። እኔ ያየሁት ከአፉ ጥግ የተንጠለጠለ ሦስት ጣት የሚያህል ቀጭን ክር ብቻ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። እጄ ሊስብ ሄደ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ እጄን ቀብ አድርገው «አትጎትት፣ ሆዱን ትተለትለዋለህ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከዋጠው ክሩን አይስቡም፣ አጠር አድርገውም አይቆርጡትም፣ ሐኪሙ ክሩን ተከትሎ ነው የሚያገኘው። እንዲህ ስለሆነ እኔ ገና ስንደርስ ነብሮን ሳላወርድ ዳርቻውን ብቻዬን አንድ ዙር እሄድበት ነበር።


መርፌ አይወድም፦

ጎማ ያለው ትክክል ነው። ማስመለሻም አትስጪ፣ መንጠቆ ሲመለስም ይወጋል። ሌላ አንድ ነገር፣ ላይፍ ጃኬት ግዢለት፣ ጀርባው ላይ እጀታ ያለውን። ዋና የሚችል ውሻም ሲደክመው ይሰምጣል፣ 30 ኪሎ እርጥብ ውሻ ያለ እጀታ ከውሃ ማንሣት ደግሞ ሞክሪውና ታዪዋለሽ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ አልብሺው፣ ብዙዎቹ እንደ ሐውልት ደርቀው ይቆማሉ፣ ይለምዱታል። ከዋና በኋላ ጆሮውን በፎጣ አድርቂለት።


ሐይቅ ዳር ሰፋሪ፦

የጀልባውን ነገር ምን አደረጋችሁት? ስለ ጩኸቱ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ስለ ጩኸቱም ነው።


ቻለውና እኔ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሰፋሪ፣ ተኛ። ጀልባውን በተራ እንሄዳለን፣ ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እኔ። «አብረን ያልሄድንበት ጉብኝት ምን ጉብኝት ነው» ብሎ ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ ጠዋት የመሄድ ዕድሉ የሱ መሆኑን ስነግረው ቀለለው። ፓርኮቹን 3 አድርገናቸዋል። አንዱ የለመለመ የሚባለው፣ ፎቶው ያማለለኝ ቀርቷል፣ ደንቡ ውሻን ከመኪና ማቆሚያው አያሳልፍም።

መኪናውን ትናንት ተረከብን፣ ግቢ ውስጥ አቁመን አንድ ሌሊት አደርንበት። እንኳን አደርን። መጀመሪያ ቻለው አልገባም አለ። መግቢያው ላይ የሚዘረጋው ደረጃ ብረት ነው፣ ወንፊት የመሰለ፣ በቀዳዳው መሬቱ ይታያል። የፊት እግሩን አሳረፈ፣ አየ፣ መልሶ አነሣ። ሥጋ አሳየሁት፣ ምራቁ ተንጠባጠበ፣ እግሩ ግን አልተነሣም። በመጨረሻ ባለቤቴ የአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ ቆርጦ ደረጃዎቹ ላይ በገመድ ጠፍሮ አሰረው። ቀዳዳው ሲጠፋ ፍርሃቱም ጠፋ፣ ምንም እንዳልነበረ ዘሎ ገባ።

ማታ ደግሞ ሙከራ አደረግን። ኤሲውን ከፈትን፣ ማሞቂያውን ከፈትን፣ ባለቤቴ ሆን ብሎ ማንቆርቆሪያውን ሰካ። ጎማ፣ ልክ እንዳልከው፣ ጧ! ጨለማ። አሁን ማንቆርቆሪያው እቤት ቀርቷል፣ ውሃ በጋዝ ምድጃው ይፈላል። የጋዝ ጠቋሚው ያለው ልክ የቻለውን ፍራሽ ላደርግ ያሰብኩበት ጥግ ላይ ነው፣ ፍራሹን ወደ አልጋው እግር አዞርኩት። ሁለተኛውን መርፌም ወስዷል። ላይፍ ጃኬቱን ሳለብሰው በትክክል እንደ ሐውልት ነው የቆመው፣ 10 ደቂቃ፣ ዓይኑ ብቻ እየዞረ።

ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንወጣለን። አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቶኛል። ፍራሹ ላይ አይተኛም። ከገባ ጀምሮ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥቶ መሪው ላይ አገጩን አሳርፏል፣ ባለቤቴ ሊያወርደው ሲሞክር ቀስ ብሎ ያጉረመርማል። ሹፌር፣ ይሄን ወንበር እንዴት ነው የማስለቅቀው?


ዝምተኛው ሹፌር፦

በሥጋ። የመኪናውን ቁልፍ ግን አትስጪው።